አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ሰሞኑን በደብረ ብርሃን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰና ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ተናድጄ፣ አንዴ ቡና ጠጥቼ። ጸሐፊው የከተማችን ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስማቸውን ማንሣት አላስፈለገኝም፤ ሙግቴ ከሐሳባቸው ጋር ነው። የሚሉትን ሳላጣምም ባጭሩ ላስቀምጠው። ብስክሌትና የኤሌክትሪክ ስኩተር የእግረኛ ዋና ጠንቅ ሆነዋል። ነጂዎቹ ባለጌዎች ናቸው። ብስክሌት ከሰሜን ሸዋ ባህል ጋር አይሄድም፤ ዳገቱና ብርዱም አይፈቅዱለትም። ፓሪስ እንኳ ስኩተርን በሕዝብ ድምፅ አባርራለች። ስለዚህ ከዋናው መንገድና ከገበያ አካባቢ ፈጽመው ይከልከሉ፤ ሲነዳ የተገኘም ይወረስበት።

መልስ ከመስጠቴ በፊት በየትኛው ወገን እንደቆምኩ ልናገር። ብስክሌት ነጂ ነኝ፤ ወደ ሥራ የምመላለሰው በእርሱ ነው። እናቴ ደግሞ ምርኩዝ ይዛ የምትሄድ እግረኛ ናት። ጸሐፊው «እነርሱ» እና «እኛ» እያሉ ሲከፍሉን የእኔን ቤት ለሁለት ሰንጥቀውታል።

የምናዘዘውም አለኝ። አንድ የነሐሴ ማለዳ ጉሙ መሬት ወርዶ አሥር እርምጃ ፊት ያለ ሰው አይታይም ነበር። ከኋላዬ የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ሲለቅብኝ ደንግጬ ወደ እግረኛው መንገድ ወጣሁ። መውጣቱን እንጂ ፍጥነት መቀነሱን አላሰብኩበትም። ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጥግ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌ ብቅ ሲሉ ፍሬኑን ጨመቅኩት። ላስቲኩ አልቋል፣ ጎማው ረጥቧል፤ ብስክሌቱ ተንሸራትቶ በመሪው ትከሻቸውን መታቸውና በጉልበታቸው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን አጥንታቸው ደህና ነበር። ጋቢያቸው ግን ከወገብ በታች ጭቃ በጭቃ ሆነ። አንሥቻቸው፣ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ» እያልኩ ጭቃውን በእጄ ስጠርግ፣ እርሳቸው ብስክሌቱን አተኩረው ሲያዩ ቆዩና፣ «ፈረስ እንኳ ሰው ላለመርገጥ እግሩን ያነሣል። ይህ ብረትህ ግን ዐይን የለውም ልጄ፤ ዐይኑ አንተ ነህ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥባቸው። ብስክሌትና ስኩተር እግረኛን ይጎዳሉ ወይ? ይጎዳሉ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም፤ እንዲያውም ያልጠቀሱትን ስሌት ልጨምርላቸው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት፣ ነጂው አይቶ እስኪነቃ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበትና ፍሬኑ ደህና ቢሆን፣ ለመቆም ሰባት ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ስኩተር ደግሞ አሥራ አምስት ሜትር ያህል። እግረኛ በአንድ እርምጃ ይቆማል፤ ደስ ሲለው ይዞራል፤ ወዳጅ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ትከሻ ይሳሳማል። ለዚህ ሁሉ ማንንም ማስፈቀድ የለበትም። በዚያ ላይ ስኩተር ድምፅ የለውም። ዐይነ ስውር ሰው መኪና መምጣቱን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ስኩተሩን ግን የሚያውቀው ከነካው በኋላ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ወድቆ ዳሌው ቢሰበር ደግሞ ነገሩ በወጌሻ የሚያልቅ አይደለም።

«ዋናው ጠንቅ» ሲሉ ግን እዚያ ላይ ተለያየን። የአንድ ግጭት ጉልበት በክብደት ልክ ይጨምራል፤ በፍጥነት ደግሞ ከዚያም በላይ፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ነጂውን ጨምሮ 85 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ያለውን ጉልበት፣ ጭነቱን ጨምሮ ስምንት ቶን የሚመዝን መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ካለው ጋር ያነጻጽሩት። የመኪናው ከአንድ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ባለሞተር ሳይክሎች እንደሆኑ ገልጿል። ልብ ይበሉ፤ ጸሐፊው ጠላት ያደረጓቸው እግረኛና ብስክሌተኛ በዚያ ዘገባ ላይ የተጻፉት በአንድ መዝገብ፣ በሟቾቹ መዝገብ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከተማችንን መካከል ለመካከል ሰንጥቆ ያልፋል። ቀንም ሌትም የጭነት መኪና አያጣም። ከዚያ አስፋልት ጠርዝ ላይ ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ሰው፣ ተሳቢ ያለው መኪና ሲያልፍ ነፋሱ መጀመሪያ ወደ ውጭ እንደሚገፋና ወዲያው ወደ ጎማው እንደሚስብ አያውቅም። እኔ ወደ እግረኛው መንገድ የምወጣው እዚያ ስለሚመቸኝ ነው ብለው ጽፈዋል። የምወጣው ስለምፈራ ነው።

እግረኛውስ? ባለፈው የገበያ ቀን እናቴን ይዤ ከመናኸሪያው በኩል ወደ ገበያ በእግር ሄድን። የመጀመሪያው ሕንፃ ደጃፍ ላይ ሁለት የቤት መኪናዎች አፍንጫቸውን ግድግዳው ድረስ አስገብተው ቆመዋል። ከእነርሱ ቀጥሎ ለግንባታ የተደፋ አሸዋ አለ፤ አሸዋው ላይ ብሎኬት ተከምሯል። ከዚያ የሱቅ ዕቃ፦ ባልዲ፣ ጥቅል ፍራሽ፣ የተደረደረ የዘይት ጀሪካን። ከዚያ ክዳኑ የጠፋ የውኃ መውረጃ፤ አንድ ደግ ሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ተክሎበታል። እናቴ አንዱ ጋ በደረሰች ቁጥር ቆማ ወደ ኋላ ትዞራለች፣ የሚመጣውን ጎማ ታሳልፋለች፣ ምርኩዟን ወደ አስፋልቱ ታወርዳለች፣ ዕቃውን ታልፋለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። ጉልበቷ የሚያማት በመውጣቱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ባጃጅ የነጠላዋን ጫፍ ነክቶ አለፈ። በዚያ ሁሉ መንገድ ያገኘነው ብስክሌት አንድ ነው። እርሱንም ልጁ እየገፋው ነበር፤ ከኋላው መጫኛ ላይ የሽንኩርት ማዳበሪያ አስሯል።

አባቶቻችን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህንን ነው። ሕንፃ የሚያሠራው ሰው ባለሀብት ነው፤ አይነኩትም። የቤት መኪናው ባለቤት የአንድ ሰው የሥጋ ዘመድ ነው፤ ያፍሩታል። የጭነት መኪናው እስኪናገሩት ድረስ ጣርማ በርን አልፏል። የሚያዘው ብስክሌተኛው ልጅ ነው፤ ኮሌታው ቅርብ ነው። ብስክሌተኛው አስፋልቱን ፈርቶ ወደ እግረኛው ይወጣል፤ እግረኛው ደጃፉ ተይዞበት ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ሁለቱ ሲተላለፉ ይጋጫሉ። ቦታቸውን የያዘባቸው ግን ደጁ ላይ ቆሞ ያያል፤ አንዳንዴም ያስታርቃል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ባለጌነት ነው። አለ። ገበያ መካከል አንድ እጁን ለቅቆ ስልክ የሚያወራ ጎረምሳ አለ፤ ፍሬን ሳይኖረው በጫማው ሶል የሚያቆም አለ። ደወል የለንም ላሉት እውነታቸውን ነው፤ የእኔም የለውም። ነገር ግን እግረኛ መንገድ ላይ ደወል ቢኖርም ለማስጠንቀቂያ እንጂ «ዞር በሉ» ለማለት መሆን የለበትም፤ በዚህስ ከጸሐፊው እኔ እብሳለሁ።

የማይዋጥልኝ ሚዛናቸው ነው። መኪናውን እግረኛ መንገድ ላይ አቁሞ የሚሄድ ሰው በጽሑፋቸው ውስጥ «ማቆሚያ ያጣ ባለጉዳይ» ነው፤ እዚያው ላይ ብስክሌት የሚነዳው «ባለጌ» ነው። ይህ የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። አንድ ጊዜ ለጉዳይ ወደ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሄጄ ብስክሌቴን አጥሩ ላይ ሳስደግፍ ጥበቃው ሮጦ መጣና «የግቢውን ገጽታ ያበላሻል» አለኝ። ያን ጊዜ አንድ መኪና የእግረኛውን መንገድ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ሲቆም ጥበቃው እኔን ትቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠው። ጥበቃውን አልቀየምኩትም፤ ያደገበትን ነው ያደረገው። በእኛ ዘንድ ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ወይም የድሃ መሣሪያ ነው፤ አዋቂ ሰው ሲነዳው ካዩ «ምን ገጠመው?» ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትነዳው ካዩ ደግሞ የሚባለውን እዚህ አልጽፈውም። እግረኛ ብስክሌት ሲነካው የሚሰማው ንዴት ከመኪናው የሚበልጠው ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። በመኪና መገፋት ዕጣ ፈንታ፣ በብስክሌት መነካት ግን ውርደት ሆኗል።

ሦስተኛው ነጥብ ባህል ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው በገዛ እጃቸው መሣሪያ አቀበሉኝ። «ሰሜን ሸዋ የፈረስና የበቅሎ አገር ነው» ብለዋል። ነው እንጂ! በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚያደርገውን ግን ሳይጽፉ አለፉት። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል። ቀብር ሲያጋጥመው ይወርዳል። ሊያከብረው የሚገባ ሰው በእግሩ ሲመጣ ካየ ይወርዳል፤ ሰላም ይላል፤ ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው ተመልሶ የሚወጣው። አያቴ ገበያ መግቢያው ላይ ሲደርስ ከበቅሎው ወርዶ ልጓሟን ይዞ ይገባ ነበር፤ ማንም ትራፊክ ፖሊስ አላዘዘውም። ሰው መካከል ሲገባ ከፍ ብሎ መታየት ነውር ስለሆነበት ነው። ጎማ የለውም እንጂ ይህ የመንገድ ሕግ ነው፤ የተቀመጠ ለሚራመድ ይወርዳል የሚል። አሁን በየከተማው «ወርደህ ግፋ» የሚል ምልክት ለማቆም ከውጭ አገር ልምድ እንቅሰም ሲባል ስሰማ ይገርመኛል።

ብስክሌት ራሱ «ትናንት የመጣ» ነው ማለታቸውም ልክ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ (ቁጥሩ የፈረንጅ ነው) ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችን ልካለች፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። አበበ ቢቂላ በሮም የሮጠው ከዚያ በኋላ ነው። የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ባጃጅ ሳይመጣ ወደ ሥራውም ወደ ትምህርቱም በብስክሌት ነበር የሚመላለሰው፤ ባሕር ዳር ባህሏን ያጣች ከተማ ናት የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህ ጠብ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ልጨምር። የብስክሌት ቅድመ አያት የሆነውን፣ ፔዳል የሌለውንና መሬትን በእግር እየገፉ የሚነዱትን መሣሪያ ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1817 ማንሃይም ላይ ሲያስተዋውቅ፣ ነጂዎቹ የሠረገላው መንገድ ጎርበጥ ሲልባቸው ወደ ለስላሳው የእግረኛ መንገድ ወጡ። ብዙ ሳይቆይም ከዚያ ላይ ተከለከሉ። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ዋናው መንገድ ሲያስቸግር ሰው ወደ እግረኛው ይወጣል።

ዳገትና ብርድ ስላሉት ብዙ አልቆይም። ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲና የሚገባውን ጠመዝማዛ በብስክሌት ተመላለሱ የሚል ሰው የለም፤ አንኮበርንም እንደዚሁ። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ትሁን እንጂ የተቀመጠችው ሜዳ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢትም ታች ቆላ ወርዳ ሜዳ ላይ ናት። ከፍታው ለእንግዳ ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ለእኛ አይደለም። ብርዱን በተመለከተ የታኅሣሥን ውርጭ በየጠዋቱ በጣቶቼ ስለማውቀው አላጣጥለውም። ሆኖም በሰሜን ፊንላንድ ያለችው ኡሉ ለወራት በረዶ ተጭኗት ሰዎቿ ብስክሌት ይነዳሉ፤ መንገዱ ስለሚጠረግላቸው ነው። የእኛ ብርድ ጓንት የሚያሸንፈው ነው። ጸሐፊው ከቤታቸው የሚወጡት ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ካልሆነ በቀር፣ በዚያው ብርድ በእግራቸው የሚሄዱትን ተማሪዎች ማየት ነበረባቸው፤ በእግር ብርዱ ረጅም ነው፣ በብስክሌት አጭር።

ፓሪስን ማንሣታቸው መልካም ነበር፣ ግማሹን ብቻ ባያነሡ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2023 በተሰጠው ድምፅ 89 በመቶ ያህሉ ስኩተር ይውጣ ማለታቸው እውነት ነው። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ግን ከተመዘገበው ውስጥ ከመቶ ስምንት እንኳ አይሞላም። ከዚህም በላይ የተጠየቁት በየመንገዱ ተጥለው ስለሚገኙት የኪራይ ስኩተሮች ብቻ ነው። እነዚያ በዚያው ዓመት እስከ ሴፕቴምበር መግቢያ ተሰበሰቡ፤ የግል ስኩተር ግን ዛሬም ይነዳል። በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳቱ በመላው ፈረንሳይ ክልክል የሆነው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ይህን ክልከላ እኔም እደግፋለሁ። ብስክሌትንማ ፓሪስ አላባረረችም። በመሀሏ የሚያልፈውን የሪቮሊን ጎዳና ከመኪና ላይ ወስዳ አብዛኛውን ለብስክሌት ሰጥታዋለች። ጸሐፊው «እንደ ፓሪስ» ካሉ ውሉ ሙሉውን ነው፤ ከዋናው መንገዳችን ላይ አንዱን መስመር ከመኪና እንውሰድ። ይስማማሉ?

የመጨረሻው መከልከሉና መውረሱ ነው። ሽንኩርት ጭኖ የሚገፋው ልጅ ብስክሌቱ ቢወረስበት በማግሥቱ በባጃጅ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ከተበደረ ሞተር ይገዛል፣ ካልተበደረ በጀርባው ይሸከማል። እግረኛውም መንገዱን መልሶ አያገኝም፤ አሸዋው እዚያው ነው። ዕድሜንም አልለዩም። ጀርመን ስምንት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ወደ እግረኛ መንገድ ታወጣለች፤ እስከ አሥር ዓመት ድረስም ትፈቅድለታለች፤ ስኩተርን ግን እዚያ ላይ አታስጠጋም። ጃፓን ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆችና 70 ዓመት ለሞላቸው አረጋውያን ትፈቅዳለች፤ በዝግታ፣ የእግረኛን መንገድ የሚዘጋ ከሆነም ነጂው እንዲቆም አዝዛ። እነዚህ አገሮች ማን ደካማ እንደሆነ ጠይቀው ነው የጀመሩት። የእኛ ጸሐፊ የጀመሩት ማን እንዳናደዳቸው ከመጠየቅ ነው።

እኔ የምለው ጠባብ ነው። ገበያና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ሁሉ፣ ብስክሌትም ስኩተርም ወርዶ ይገፋ፤ ያልወረደ ይቀጣ፤ እኔም ጭምር። የጭነት መኪና በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ የብስክሌት መስመር ይኑር፤ በቀለም የተሰመረ ሳይሆን በጠርዝ ድንጋይ የተለየ፤ ቀለምማ ለባጃጅ ማቆሚያ ነው የሚሆነው። አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የሠራቻቸውን የብስክሌት መስመሮች ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ከእግረኛው ጋር በአንድ ከፍታ ላይ ጎን ለጎን የተነጠፉት ዘንድ እግረኛው ለስላሳው ላይ ይሄዳል፣ ብስክሌተኛው ይጮኻል፤ የእኛው ጠብ በተሻለ ንጣፍ ላይ ይደገማል። ቦታው ደግሞ ከእናቴ መሄጃ ተቆርሶ እንዳይሰጠኝ። ይህን አጥብቄ የምለው፣ ለብስክሌት ሲባል የእግረኛ መንገድ የጠበበበትን ንድፍ አይቼ ስላፈርኩ ነው። የሚቆረሰው ከመኪና ማቆሚያው ነው። አሸዋውም ይነሣ፣ የውኃ መውረጃውም ክዳን ይግባለት፤ ለዚህ ስትራቴጂም ኮሚቴም አያስፈልግም፤ አካፋ ይበቃል።

ጸሐፊውን በመጪው የገበያ ቀን ጠዋት ከመናኸሪያው እስከ ገበያው አብረውን እንዲሄዱ እጋብዛቸዋለሁ። እናቴ ትኖራለች፤ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ እሄዳለሁ። ስንት ጊዜ ወደ አስፋልቱ እንደወረድንና ማን እንዳስወረደን እርሳቸው ይቁጠሩ። የፍሬኔን ላስቲክ ቀይሬዋለሁ፤ ደወሉን ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ የሚሸጥበትን የሚያውቁ ከሆነ ይንገሩኝ።